ሞላ የተገጠመለት ሽማግሌ

በላፍቶ ጋራና ቁልቁለት ላይ ብስክሌት በመንዳት የሚስተካከለኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም። ጉራ የሚነዛው ማስረጃ የሌለው ሰው ነው፤ እኔ ማስረጃ አለኝ። ያን ጊዜ በላፍቶ ጋራና ቁልቁለት ላይ ከእኔ በቀር ብስክሌት የሚነዳ ሰው አልነበረም። አንድ ፈረንጅ ነበር እርግጥ፤ እሱን ቆይቼ አመጣዋለሁ።

ሌላው የምኮራበት ነገር ሽማግሌነቴ ነው። የሰው ልጅ ልጠይቅ ተልኬ አፍሬ የተመለስኩበት ቤት የለም። ከአቶ ደምሴ ቤት በስተቀር። እንደምታዩት የእኔ ጉራ ጥላ እንዳለው ሰው ነው፤ በሄደበት ሁሉ አንድ "በስተቀር" ይከተለዋል። ታገሱኝ፤ ፈረንጁ ያመጣብኝ ጣጣና አቶ ደምሴ አንድ እሁድ ላይ ይገናኛሉ።

ላፍቶ ያኔ እንደ አሁኑ ፎቅ አልተከመረበትም። ከጎፋ ወጥታችሁ ባህር ዛፉን ስትጨርሱ ወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ጤፍና ባቄላ ነው። መንገድ የሚባለው ከብት የሄደበት ነው፤ ከብት ደግሞ መንገድ ሲመርጥ የብስክሌት ጎማ ትዝ አይለውም። ዛሬ ሰዎች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ቴሌቪዥን የሚያዩበት ቦታ ላይ እኔ በአፍንጫዬ ተደፍቼ አውቃለሁ።

እዚያ ምን ትሠራ ነበር ያላችሁኝ እንደሆነ፣ አርባውን አጋምሼ ቦርጬ ከእኔ ቀድሞ ቢሮ የሚገባበት ዘመን ነበር። ሐኪሙ "ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ" አለኝ። እሱ ሩጫ ማለቱ ነው። እኔ ግን ተቀምጠው የሚሠሩት ስፖርት ይኖር እንደሆነ ሳጠያይቅ ብስክሌት አገኘሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ መቀመጥ እወዳለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የገዛሁት የቻይና ብስክሌት ነው፤ ጠንካራ፣ ከባድ፣ ርኅራኄ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት። ድንጋይ ላይ ስትወጣ ጉበቴና ሳንባዬ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ስትወርድ ይመላለሳሉ። ቤት ስገባ ሚስቴ አስካለ ዓይኔን አይታ የትኛው መንገድ ላይ እንደዋልኩ ታውቃለች። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ባቄላ ማሳ ውስጥ ወድቄ ሰማይ ሰማይ ሳይ፣ ያ ፈረንጅ በዚያው ድንጋይ ላይ ፍራሽ ላይ እንደተኛ ሰው እየተንሳፈፈ መጣ። የብስክሌቱ የፊት ሹካ፣ ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ማለቴ ነው፣ ድንጋይ ሲያገኝ ይታጠፋል፣ ሲያልፍ ይዘረጋል። ሰውየው በእጁ ሻይ ይዞ ቢሄድ ጠብታ አይፈስበትም።

"ጤና ይስጥልኝ" አለኝ፣ በጥሩ አማርኛ።

"አብሮ ይስጥልን" አልኩት፣ ከባቄላው ውስጥ።

ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ተኝቼም ቢሆን ቀናሁ። በነጋታው በቀጥታ ወደ ሐጂ ሽኩር ሄድኩ። ሐጂ ሽኩር ጎፋ ላይ ብስክሌት ያከራያል፣ ይጠግናል፣ ጓደኛዬም ነው። የማያውቀው ነገር የለም፤ የማያውቀውንም ያውቀዋል። ያየሁትን በእጄ እያሳየሁ ነገርኩት።

"ሞላ ነው" አለ፣ ሳይደነቅ። "ሞላ ደግሞ ፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ ያለው?"

"ትገጥምልኛለህ?"

"ፈረንጁ ስንት ቦታ ነው ያስገጠመው?"

"ከፊት ብቻ።"

"ምስኪን" አለ ሐጂ። "የኋላውን የሚያስብለት ሰው አላገኘም።"

ሐጂ ሥራ ሲይዝ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያንጎራጉራል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል። ዝም ካለ መፍራት አለባችሁ። ከሞተ ሞተር ሳይክል ላይ ሁለት ሞላ ነቅሎ ለፊት ሹካው አበየደለት። ከኮርቻዋ ሥር ደግሞ ከአሮጌ የጭነት መኪና የሾፌር ወንበር ያወጣውን የክንድ ውፍረት ያለው ሞላ ተከለ። ያ ሞላ በዘመኑ ከጅቡቲ ጨው ሲያመላልስ የነበረ ግዙፍ ሾፌር የተሸከመ ነው። እኔ ቦርጬን ይዤ ስቀመጥበት፣ ሞላው መቀመጤንም አላወቀ።

"ይለመድልሃል" አለኝ ሐጂ። "ትንሽ ይንገራገጭ እንጂ ይለመድልሃል።"

አስካለ ብስክሌቷን ደጅ ቆማ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። "አንተ ሰው፣ ይሄ የሚነዳ ነው ወይስ የሚተኛበት?"

"ሁለቱንም ነው" አልኳት። ቤታችን ውስጥ መተኛት ቀልድ እንዳልሆነ ረስቼ ነበር።

ምክንያቱም የአስካለ ታናሽ ወንድም ዳንኤል ሳሎናችን ሶፋ ላይ "ለጊዜው" ብሎ ከተጋደመ ጊዜውም አርጅቷል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ሶፋው ላይ ሸለቆና አምባ የፈጠረው እሱ ነው። መልካም ልጅ ነው፣ እወደዋለሁ፤ ከሶፋው በላይ ግን አልወደውም። ይህ ልጅ አብራው የምታስተምር ሰብለ የምትባል የላፍቶ ልጅ ወደደ። ሰብለም ወደደችው። የቀረው አባቷን አቶ ደምሴን ማስወደድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሽማግሌ አለ። የነፍስ አባታችን መምሬ ታምራት፣ ሐጂ ሽኩርና እኔ ተመረጥን። አንድ ቄስ፣ አንድ ሐጂ፣ አንድ እኔ። እንዲህ ዓይነት ልዑክ ለመንግሥተ ሰማያት በር እንኳ ይበቃል።

ደንቡ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ሲገባ ባለቤቱ "ተቀመጡ" ይላል። ሽማግሌ "የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማልን አንቀመጥም" ይላል። መቆሙ ራሱ ልመና ነው። ባለቤቱ እንደገና ይለምናል፣ ሽማግሌው እንደገና ይግደረደራል፣ እንዲህ እንዲህ ሲባል ነገሩ ይለሰልሳል። የመጀመሪያ ቀን ስንሄድ መምሬ ታምራት በዚያ ደንበኛ ድምፃቸው "አንቀመጥም" የሚለውን ንግግር ይዘዋል። እኔ በዚህ መሀል አንድ ባለመደገፊያ ወንበር አየሁ። ሰፊ፣ ጥልቅ፣ በእጅ ሥራ ዳንቴል የተሸፈነ። እግሬ ነው የወሰደኝ። መምሬ "ጌታዬ፣ እስከ ማታም ቢሆን ቆመን እናመሻለን እንጂ አንቀመጥም" ሲሉ እኔ እግሬን አነባብሬ ነበር።

አቶ ደምሴ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ጡረታ አልወጣም። አዩኝ። ቀጥሎ መምሬን፣ "አባቴ፣ እኚህ ሰው ደክሟቸዋል መሰለኝ፤ ያሳርፏቸውና ይዘዋቸው ይሂዱ" አሏቸው። በር ላይ ሲሸኙን ደግሞ ጨመሩበት። "ሳይፈቀድለት የሚቀመጥ ሽማግሌ የላከ ልጅ፣ ነገ ቤቴ መጥቶ ሳይፈቀድለት ይተኛል።"

ዳንኤልን ሳያዩት ይህን ያህል ማወቃቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ሐዘን ተቀመጠ። ዳንኤል ምግብ አቆመ ልል ነበር፤ ግን መሶቡን ባዶ የሚያደርገው ማን ሆነና። ሲተነፍስ ብቻ መጋረጃው ይወዛወዛል። አስካለ እኔን ማናገር ትታ ከብስክሌቷ ጋር ታወራ ጀመር። "አንቺስ ቁጭ ቢሉብሽ ይሁን" ትላታለች።

በኋላ ሰብለ መላ አመጣች። አባቷን በእናቷ በኩል አስለምና፣ ለሚመጣው እሁድ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያዩን አስፈቀደች። ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ የሌላ ጠያቂ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ሰውየው የራሱ መኪና አለው፣ ሽማግሌዎቹም በመቆም የታወቁ ናቸው። ዕድላችን ያቺው አንድ እሁድ ናት። በእኔ ፋንታ ሌላ ሰው ይተካ እንዳይባል፣ ሽማግሌ መሀል መንገድ ላይ አይለወጥም ብለው መምሬ አስቀሩት። እኔ ግን ሌላ ምክንያት የነበራቸው ይመስለኛል፤ እንድቀጣ ፈልገዋል።

እሁድ ጠዋት አስካለ ክራባቴን እያሰረች ጨመቅ አደረገችው። "ዛሬ ብትቀመጥ፣ እኔ ነኝ የማላስነሳህ።"

"ወንበር የሚባል አላይም።"

"ማል።"

"የሶፋውን ነፃነት ይንሳኝ" አልኳት። ይህ መሐላ ልቧ ውስጥ ገባ።

የነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ዝናቡ ገና አልለቀቀም። ደግሞ የቧንቧ ውሃ ከስንት መጥፋት በኋላ የመጣው ቅዳሜ ስለነበር፣ አስካለ ተመልሶ ሳይሄድ ብላ የቤቱን ልብስና ጨርቅ በሙሉ አጥባ ገመድ ላይ ሰቅላለች። ምንም አልደረቀም። ከአጠባው የተረፉት ጋቢዬና የሠርጌ ሱፍ ከነሸሚዟ ብቻ ናቸው። ከተጋባን በኋላ ሱፏ ባለችበት ስትቀር እኔ ተስፋፍቻለሁ፤ ኮቷ ወገቤ ላይ ያልቅባታል፣ ሱሪዋ ትንፋሽ አታስገባም። በላይዋ ጋቢዬን ደረብኩ።

መምሬና ሐጂ እስከ መካኒሳ በታክሲ ሄደው የቀረውን በእግር ሊጨርሱት ተነጋገሩ። እኔ በብስክሌቴ በአቋራጭ እመጣለሁ አልኩ።

"ዛሬ እንኳ ብትተዋት" አሉ መምሬ።

"ይተዉት አባ" አለ ሐጂ። "ሞላውን ይሞክርልኝ። እንደውም ቀድሞን ይደርሳል።"

በዚህ ሐጂ ግማሽ ልክ ነበር። ብስክሌቷስ ቀድማ ደርሳለች፤ የቀደመችው ግን እኔን ነው።

እስከ ባህር ዛፉ ድረስ እንደ ንጉሥ ሄድኩ። የሐጂን እጅ እያመሰገንኩ፣ ፈረንጁ በመጣና ባየኝ እያልኩ። ቁልቁለቱ ላይ ግን የሞላን ጠባይ ተረዳሁ። ድንጋይ ሲመታችሁ ሞላ ይውጥላችኋል፤ እውነት ነው። የዋጠውን ግን አያስቀረውም። አጠራቅሞ፣ አጠራቅሞ፣ እናንተ ስትረሱት ይመልስላችኋል። የፊቶቹ ሞላዎች ወደ ላይ ሲሉ የኮርቻው ወደ ታች ይላል፣ የኮርቻው ሲነሳ የፊቶቹ ይሰግዳሉ፤ እኔ መሀል ላይ ሆኜ በሁለት ወገን እንደሚጎተት ሰው "እሺ፣ እሺ" እላለሁ። አጥር ሥር ተቀምጠው ፀሐይ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስዘል አዩኝ።

"ጌታው፣ አልተገራችም እንዴ?" አሉኝ።

መልስ ልሰጣቸው አፌን ስከፍት ምላሴን ነከስኩ። ፍሬን ያዝኩ፤ ፍሬኑ እርጥብ ነው፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ከዚያ ጋቢዬ ጫፉን ወደ ኋላ ሰዶ ሰንሰለቱን አገኘው። ሰንሰለቱ ቀምሶት ወደደውና ይስበው ጀመር። እኔ በአንገቴ ወደ ኋላ ስሳብ፣ ያ የጨው ሾፌር ሞላ ስንት ዓመት የታገሰውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተናገረ። የኮርቻውን ቆዳ በስቶ ወጣ። ከኮርቻው ቀጥሎ ያለው ደግሞ የእኔ ሱሪ ነው።

ወደ ላይ ስወጣ መካኒሳን አየሁ። ስወርድ ምንም አላየሁም። በመቀመጫዬ ጭቃው ላይ አርፌ፣ አሁንም በመቀመጫዬ ቁልቁለቱን ጨርሼ፣ ከግርጌው ባለው ወንዝ ዳር ቆምኩ። ብስክሌቷ ሸክሟ ስለቀለላት ጋቢዬን እንደ ባንዲራ እያውለበለበች ወንዙን ዘላ ሄደች።

መምሬና ሐጂ ከወንዙ ማዶ፣ አቶ ደምሴ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ብስክሌቷ እየፈነጠዘች በፊታቸው አለፈችና አጥሩ ውስጥ ተወሸቀች። መምሬ አማትበው "ጋቢው መጣ፤ ሰውየው የት አለ?" አሉ።

ሰውየው እያነከሰ እየመጣ ነበር። ነፋስ በማላውቀው አቅጣጫ ይመታኛል። እጄን ወደ ኋላ ሰደድ አደረግሁ፤ ሱሪ ሊኖር በሚገባው ቦታ አየር አገኘሁ። መቀመጫዬ ራሱ ደግሞ ጣት አላስነካ ብሏል። ለሁለቱ ነገሩን ላጫውታቸው፣ ከመምሬ ላይ ነጠላ ልዋስ ብዬ ገና "ወንድሞቼ" ስል በሩ ተከፈተ። አቶ ደምሴ ራሳቸው ናቸው።

ከፊት ለፊት ስታዩኝ ሙሽራ ነኝ፤ ክራባቴ እንኳ አልተጣመመም። ስለዚህ ከፊት ለፊት ብቻ ለመታየት ወሰንኩ። አቶ ደምሴ "ይግቡ" ሲሉኝ "እርስዎ ይቅደሙ" አልኩ። መምሬ ሲጋብዙኝ "አባ፣ እንዴት አድርጌ" አልኩ። ሐጂንም አስቀደምኩ። በሬም ቢመጣ አስቀድመው ነበር።

ሳሎን ስገባ በጎን በኩል እንደ ሸርጣን እየሄድኩ ቦታ ፈለግኩ። ያ ባለዳንቴል ወንበር እዚያው አለ፤ ዓይኔን አዞርኩበት። አንዱ ግድግዳ ላይ ባለ አበባ ጨርቅ ተሰቅሏል። ጌጥ ነው ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ትንሽ ስጠጋ ግድግዳው ለስለስ አለኝ፤ የጭቃ ቤት ነው፣ ዝናብ ነው ብዬ አለፍኩት።

"ተቀመጡ እንጂ" አሉ አቶ ደምሴ፣ እኔን እያዩ። ፈተና መሆኑ ገብቶኛል።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ መምሬ።

"እኔ" አልኩ፣ ከሁሉም ቀድሜ፣ "ጉዳያችን ተሰምቶም አልቀመጥም።"

ሐጂ ዞሮ አየኝ። አቶ ደምሴ ትንሽ ጎበጥ ብለው ነበር፣ ቀና አሉ።

መምሬ ነገሩን ጀመሩት፤ ልጃችን፣ ልጃችሁ፣ ዝምድናችሁን ሽተን። አቶ ደምሴ እንደ ወታደር ጠየቁ፦ ልጁ ማን ነው፣ ምን ይሠራል፣ የት ያድራል። "የት ያድራል" ላይ ሐጂ ሳለ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ወደ ግድግዳው ይበልጥ ተጠጋሁ። ልክ በዚያን ጊዜ ከጓዳ በኩል፣ በጣም ከቅርብ፣ የታፈነ ህቅታ ተሰማ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ሲመጣ እናትና ልጅ ጓዳ ሆነው ያዳምጣሉ። ህቅታው ደገመ። ሦስተኛው ላይ የሚንሰቀሰቅ ሰው ሆነ።

"ሙሉነሽ" አሉ አቶ ደምሴ፣ ድምፃቸው ወርዶ። "አታልቅሺ እንጂ።"

ከጓዳ ህቅታ ብቻ።

"የልጅ ነገር አይደለም ወይ፣ አንድ ቀን መሄዷ አይቀርም" አሉ፣ ለእኛም ለራሳቸውም።

"ስጣቸው" አለ ድምፁ ከጓዳ፣ እየተቆራረጠ። "በማርያም ስጣቸው... ቶሎ ስጣቸውና ይሂዱ..." ከዚያ አፉን በጨርቅ የያዘ ሰው ድምፅ ሆነ።

አቶ ደምሴ መሐረብ አወጡ። ጦር ሜዳ የዋሉ ሰው እንባቸውን ሲጠርጉ ማየት ከባድ ነው። መምሬም አለቀሱ። ሐጂም አለቀሰ፤ እኔም ብሶቴ ብዙ ነበርና አብሬ አለቀስኩ።

"እናት እንዲህ ካለች እኔ ማን ነኝ" አሉ። "ሰጥቻለሁ። በሉ አሁን ተቀመጡ።"

ሁለቱ ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ።

"ይቀመጡ እንጂ፣ ሰጠሁ እኮ።"

"አቶ ደምሴ፣ ባለፈው በዚህ ቤት ተቀምጬ አጥፍቻለሁ" አልኩ። "ሠርጉን ሳላይ እዚህ ቤት አልቀመጥም።"

ትከሻዬን ያዙኝ። "ባለፈው አላወቅኩዎትም ነበር" አሉኝ። ምሳ ቀረበ፤ ቆሜ በላሁ። መምሬ ሲመርቁ ሁሉም ተነስቶ ከእኔ እኩል ሆነ፤ ከዚያች ቀን ሁሉ ደስ ያለኝ ያቺ ሰዓት ናት። መሄጃችን ሲደርስ ደግሞ ወደ በሩ በጀርባዬ ሄድኩ፤ እጅ እየነሳሁ፣ ፊቴን ወደ ቤተሰቡ አድርጌ፣ ደፉን በተረከዜ እየፈለግሁ።

አቶ ደምሴ ለሚስታቸው ወደ ጓዳው ጠሩ። "ሙሉነሽ፣ ነይ እይ፣ ለባለቤት ጀርባ አይሰጥም የሚል ሰው ዛሬም አለ።"

"አይቻለሁ" አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ ከውስጥ።

ዳንኤልና ሰብለ በጥር ተጋቡ። ሐጂ ያጋባኋቸው እኔ ነኝ፣ በሞላዬ፣ እያለ ሰፈሩን ሞላው። ያን የሾፌር ሞላ ከብስክሌቷ ነቅሎ ዳንኤል የለቀቀው ሶፋችን ውስጥ ገጠመው፤ የጂኦግራፊው ሸለቆ ተሞላ፣ እስከ ዛሬም ሲቀመጡበት ትንሽ ያነሳል። እኔም በዕድሩ "ያ የማይቀመጠው" ተብዬ ስጠራ አንገቴን ቀና አድርጌ ኖርኩ። አቶ ደምሴ ለሰው ሁሉ ሲያወሩኝ ሰምቻለሁ፤ ከእሳቸው ቤት የወጣሁት በጀርባ ሳይሆን በክንፍ ይመስል ነበር።

መልስ የተጠራን ዕለት ነው ወይዘሮ ሙሉነሽ በጎን ጠርተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ ያስቀመጡት። ከኋላቸው ያ ባለ አበባ ጨርቅ አለ። ሁለት ጨርቅ ነው እንጂ አንድ አይደለም፤ መሀል ለመሀል የሚከፈት፣ የጓዳው መጋረጃ።

"ያን ቀን እኔና ሰብለ፣ ሁለት እህቶቼም ነበሩ" አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያን ህቅታ አወቅኩት። "አደራ፣ ሌላ ቤት ለሽምግልና ከመሄድዎ በፊት ይልበሱት።"

ቤቴ ገብቼ ፈታሁት። ነጭ፣ አዲስ፣ በእጅ የተሰፋ የውስጥ ሱሪ ነው።

ያን እሁድ የእኔዎቹ በሙሉ ገመድ ላይ ነበሩ። ከዚያ ከተቀደደው ሱሪ ሥር ምንም አልለበስኩም ነበር።